የሁለት ሰው ምርመራ

የሰፊዋ የግራ እጅ የቀለበት ጣት አይታጠፍም። የተሰበረው ባገባች በሰባተኛው ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አራት አምስት ሰው ቆሞ እያየ ነው። የሰበረው ባሏ ነው።

ሥራዋ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነበር፤ ሰፊዋ የሚሏትም ለዚህ ነው። የምትሠራው ባሏና የባሏ ታላቅ ወንድም በሚሠሩበት ጋራዥ ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋ ቆዳ የሚበሳ ወፍራም መርፌ ስለነበራት ፔዳሉን ስትረግጥ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ባሏ ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የገባ በርና ኮፈን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቦታው ይመልሳል። ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያህላል፤ ስለዚህ ሰፈሩ «ብረቱ» ብሎታል። ታላቅ ወንድሙን ደግሞ ዘመድም ደንበኛም «ወንድምጋሼ» ነው የሚለው። ጋራዡ የሱ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ እናቱንም ታናሹንም የያዘ እሱ በመሆኑ በዚያ ግቢ ቃሉ አይታጠፍም ነበር። ሰፊዋና ብረቱ የሚኖሩት ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤት፣ ከእናትየው ጋር ነው።

መጀመሪያ የመጣችው ለአንድ ወር ሥራ ነበር። ብረቱ በቀን ሦስቴ «መቀስ ታውሺኛለሽ?» እያለ ይገባል። በአራተኛው ቀን፣ «አንተ፣ ላሜራ በመቀስ መቁረጥ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብትለው እስከ ጆሮው ቀላ። ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። በዓመቱ ተጋቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጥሩ ነበሩ፤ ይህን እሷም አትክድም።

የመጀመሪያው ጥፊ በሦስተኛው ዓመት መጣ። ምሳ እየበሉ ነበር። እናትየው፣ «የጎረቤታችን ምራት ሁለተኛዋን ወለደች» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ሰፊዋ፣ «ደስ ይላል» አለች። ሌላ ምን ትበል? ብረቱ ሳህኑን አስቀምጦ በተከፈተ መዳፍ ጉንጯን መታት። ከወንበሯ ወደቀች። ከወለሉ ላይ ሆና ያየችው የአማቷን እግር ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ደስ ይላል ትለኛለች!» አለ ብረቱ፣ ለማን እንደሚያወራ ሳይታወቅ።

ከዚያ በኋላ እጁ መንገዱን ለመደ። ሰው ልጅ ይዞ ጋራዥ በመጣ ቁጥር፣ ወንድምጋሼ «አንተስ መቼ ነው ልጅ የምታሳቅፈን?» ብሎ በቀለደ ቁጥር፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሰፊዋ በየት በኩል እንደሚመታት ታውቅ ነበር። ሲናደድ በቀኝ፣ ሲያፍር በግራ። ወንድምጋሼ አንድ ቀን ያበጠ ከንፈሯን አይቶ፣ «ሥራ ላይ እንዳታረፍድ ብቻ» አላት።

በአምስተኛው ዓመት እናትየው ከሆነ ቦታ በጠርሙስ ጥቁር መጠጥ አመጣች። ማህፀን ያጸዳል አለች። ሰፊዋ አሽትታው፣ «እማማ፣ ይሄን አልጠጣም» ስትል ብረቱ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘ፤ እናትየው አፍንጫዋን ቆንጥጣ ጠርሙሱን በጥርሶቿ መሃል ከተተችው። አንድ ጥርሷ ተሸረፈ። ሁለት ቀን አስመለሳት፤ በሦስተኛው ቀን በግድግዳ ተደግፋ ሥራ ገባች።

ጣቷ የተሰበረ ቀን አንዲት ደንበኛ መኪናዋን ልትወስድ የአርባ ቀን ጨቅላ ታቅፋ መጣች። ሰፊዋ የኋላውን ወንበር ልብስ እየገጠመች ነበር። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «እስኪ ያዢልኝ፣ ቁልፌን ልፈልግ» አለችና ጨቅላውን ሰጠቻት። ሰፊዋ ያዘችው። ሕፃኑ አዛጋ፤ እሷ ሳታስበው ግንባሩን ሳመችው። ሴትዮዋ ልጇን ተቀብላ፣ «ያምርብሻል፤ እናንተስ?» ብላ ልጇን ከፊት ወንበር ልታመቻች ዞረች። ሰፊዋ የቀረውን ክር ለመቁረጥ አጎነበሰች፤ ግራ እጇ የመኪናው በር ቋሚ ላይ ነበር። ብረቱ መጣና በሩን በሙሉ ኃይሉ ዘጋው።

ጮኸች። በሩን መልሶ ሲከፍተው ጣቷ ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ሠራተኞቹ ቆመው ቀሩ። ሴትዮዋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ ገረጣች።

«አላየኋትም» አለ ብረቱ።

ሆስፒታል ብቻዋን ሄደች። ጣቷን ያሰረላት ሐኪም፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት፣ «በር ተዘግቶብኝ ነው» አለች። ውሸትም አልነበረም። ሐኪሙ ፋሻውን እየጠቀለለ ቀና ብሎ አያት፤ ሸራፋ ጥርሷን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ቢጫ ሰንበር አየ። «በሩ እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው?» አላት። ያን ጊዜ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ፤ «ልጅ ስለሌለን።» ሐኪሙ ትንሽ ወረቀት ጻፈና ሰጣት። «ሁለተኛ ፎቅ ውጪ። ለሁለታችሁም ነው የጻፍኩት።»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ዶክተር አጭር ሴት ነች፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስታወራ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ትመስላለች።

«ባልሽ የታለ?»

«ሥራ ላይ ነው። እሱ ደህና ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

ለካ ማንም ነግሯት አያውቅም።

«ስሚኝ» አለች ዶክተሯ። «ልጅ እምቢ ካላቸው ባልና ሚስቶች ሲሶ ያህሉ ችግሩ ከሴቷ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ከወንዱ። የቀሩት ወይ ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ አለ፣ ወይ እኛም ምክንያቱን አናገኘውም። ወንድ መኝታ ላይ ጎበዝ ስለሆነ ዘሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዓመት ሞክራችሁ ሳይሆን ሲቀር ሁለታችሁም መምጣት ነበረባችሁ። ስንት ዓመት ሆናችሁ?»

«ሰባት።»

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እሺ። ካንቺ እንጀምር። እሱ ግን ይመጣል።»

ምርመራው ወር ተኩል ፈጀ። የወር አበባዋ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ለሆርሞን ደም ሰጠች። እንቁላል ለመውጣቱ ማረጋገጫ በሃያ አንደኛው ቀን ደግማ ሰጠች። አልትራሳውንድ ተነሳች፤ ማህፀኗ ንጹህ ነው፣ ዕጢም የለበትም አሏት። በመጨረሻ የማህፀኗ ቱቦዎች ክፍት መሆናቸውን ለማየት ቀለም በማህፀኗ ተረጭቶ ራጅ ተነሳች። ቀለሙ ሲገባ ሆዷን ከውስጥ በቡጢ የያዙባት መሰላትና ከአልጋው ብረት ጋር ተጣበቀች። ግን ራሷ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃያ ሳትደርስ አለቀ። «ጨረስሽ፣ ጎበዝ» አለቻት ነርሷ። ሰፊዋ አለቀሰች። ከሕመሙ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ሲያማት ማንም «ጎበዝ» ብሏት አያውቅም ነበር።

ሁሉም ደህና ሆነ። ዶክተሯ ራጁን መስኮት ላይ ዘርግታ ሁለቱን ነጫጭ መስመሮች አሳየቻት። «ሁለቱም ክፍት ናቸው። አሁን የሱ ተራ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ክንድሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«ስንት ጊዜ?» መልስ አልጠበቀችም። «ፖሊስ ጣቢያው ከሆስፒታሉ በር ትይዩ ነው።»

ሰፊዋ ፖሊስ ጣቢያውን በትይዩ እያየችው አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ወረቀቷን በደረቷ ይዛ ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከሠርጓ ቀን ይልቅ ደስ ብሏት ነበር። ብረቱን ግቢው ውስጥ እጁን በነዳጅ ሲታጠብ አገኘችው።

«ምንም የለብኝም» አለችው። «ደህና ነኝ። አሁን አንተ አንድ ቀን ብቻ...»

«እኔ ምን?»

«ዶክተሯ ሁለታችንም ነው ያለችው። የወንድ ምርመራ ቀላል ነው፣ አያምም...»

ወረቀቱን ከእጇ ነጥቆ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀው። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። እናትየው ከውስጥ በሩን ዘጋች። የመጀመሪያዎቹን ምቶች ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ከዚያ በጉልበቷ ወረደች፤ ከዚያ ቀበቶውን ጥሎ በእጁ ቀጠለ። አንዱ ጥፊ ግራ ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ፀጥ አለ፤ የሱ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ታየዋለች፣ ድምፅ ግን የለም። ወረቀቱን ከአፏ አወጣች፤ ደም ነክቶታል። በሚገርም ሁኔታ ፍርሃቷ ያን ጊዜ ጥሏት ሄደ። መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ወይ ጨርሰህ ግደለኝ፣ ወይ ተመርመር» አለችው። የራሷን ድምፅ አልሰማችውም፤ እሱ ግን ሰምቷል።

ብረቱ ቀበቶውን ከመሬት አነሳ። «እመረመራለሁ» አለ በመጨረሻ፤ በቀኝ ጆሮዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ሰማችው። «ሄጄ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። ከዚያ ከቤቴ ትወጫለሽ።»

የሄደው በአሥረኛው ቀን ነው። ሦስት ቀን ከሚስትህ ራቅ ተብሎ፣ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰጥቶት አንድ ጠባብ ክፍል አስገቡት። ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ከውስጥ በሩ ሲመታ ሰማች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሲወጣ የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠው ነበር። ዕቃውን ለላቦራቶሪው ሰው ሳያየው ሰጠው።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ በአንድ ወረቀት ብቻ እንደማትወስን ነገረቻቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገም አለች። ተደገመ። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ አንድም የወንድ ዘር አልታየም። ዜሮ።

ብረቱ ወረቀቱን አንብቦ ተነሳ። ወደ ላቦራቶሪው ሄዶ ያን ዕቃውን የተቀበለውን ቀጭን ሰውዬ በነጭ ጋዋኑ አንገትጌ አንጠለጠለው። ማይክሮስኮፑ ተገለበጠ፤ ጠርሙሶች መሬት ላይ ተሰባበሩ። «የኔ አይደለም! ቀይረኸዋል!» እያለ ግድግዳ ላይ ያጋጨዋል። የሰውዬው አፍንጫ ደማ። ጥበቃዎች ሁለት ሆነው አልቻሉትም። ያላቀቀችው ዶክተሯ ነች፤ መጥታ ከጎኑ ቆመችና በዚያች በዳይሬክተር ድምጿ፣ «የያዝከው ሰው የቆጠረ ነው እንጂ የከለከለህ አይደለም» አለችው። እጁ ተፈታ።

ፖሊስ እንዳይጠራ የለመነው ያው የተደበደበው ሰው ነው፤ «ልማዳችን ነው፣ ስንቱ አንቆኝ ያውቃል» አለ፣ አፍንጫውን በጥጥ ይዞ። ብረቱን ወደ ዶክተሯ ክፍል መለሱት። ሰፊዋም አብራ ገባች።

«ልጅ ሳለህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ያውቃል?» አለችው ዶክተሯ።

«የለም።»

«ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ያውቃል? ከሴት የተላለፈ በሽታ ታክመህ ታውቃለህ?»

«የለም።»

ከመጋረጃው ጀርባ መረመረችው። ስትወጣ እጇን እየታጠበች ጠየቀችው። «በሁለቱም በኩል የጠጠረ የቆየ ጠባሳ አለ። እዚያ ላይ ተመትተህ ታውቃለህ?»

ብረቱ ቀበቶውን እያጠበቀ ነበር። እጁ ቆመ። ሰፊዋ የባሏ ፊት ሰባት ዓመት ባስቆጠረው ትዳሯ አይታው በማታውቀው መንገድ ባዶ ሲሆን አየች።

«አላስታውስም» አለ።

ዶክተሯ አላስጨነቀችውም። ጉዳዩ ከሁለት አንዱ መሆኑን አስረዳችው፤ ወይ ዘሩ መመረቱ ቆሟል፣ ወይ እየተመረተ መውጫ መንገዱ ተዘግቷል። የትኛው እንደሆነ የደም ሆርሞኑ ይናገራል። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ መላ አይጠፋም አለች። ደም ሰጥቶ ወጣ፤ ውጤቱ ለሳምንት ተቀጠረ።

ቤት ሲደርሱ እናትየው ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ብረቱ ምንም ሳይናገር አልፏት ወደ ጓዳ ገባ።

«አዋረድሽው አይደል?» አለቻት ሰፊዋን። «ድንጋይ ማህፀን! የራስሽን ልታሳብቢበት ልጄን በየሆስፒታሉ...»

ሰፊዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እማማ፣ ዜሮ ነው። ሁለቴ ታይቶ ዜሮ ነው። እኔ አይደለሁም።»

«ውሸት! ልጄ ሙሉ ወንድ ነው! ያ እብጠት ያኔውኑ ድኗል!»

እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ግን ዘገየች።

«የቱ እብጠት?» አለች ሰፊዋ።

ብረቱ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ነበር። «ንገሪያት እማዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ልስማው።»

እናትየው መጀመሪያ ካደች፤ ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሁሉንም አፈሰሰችው። ብረቱ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። የደንበኛ መኪና በር ሲያቀና ከልክ በላይ መትቶ ቀደደው። ወንድምጋሼ ሰውነቱ እስኪዝል ከደበደበው በኋላ መሬት ላይ ተዘርሮ ሳለ በብረት አፍንጫ የሥራ ጫማው ደጋግሞ ጭኖቹ መሃል ረገጠው። ለሁለት ሳምንት ደም ሸና። የሎሚ ያህል አበጠ። «ሐኪም ቤት እንውሰደው አልኩት» አለች እናትየው፣ «ለሰው ከተናገርሽ ጋራዡን ዘግቼ እሄዳለሁ አለኝ። ሁለታችንን ማን ያብላን? ጨርቅ እያሞቅኩ አስታመምኩህ ልጄ። ድኗል ብዬ ነው። ድነሃል ብዬ ነው!»

«ድብደባውንማ አውቀዋለሁ» አለ ብረቱ። «አንቺ ግን ይሄን እያወቅሽ ነው እሷን ድንጋይ ያልሻት?»

ብረቱ ወደ ጋራዡ ወጣ። ሰፊዋ ተከተለችው፤ ልታስቆመው አልነበረም። ክፍሏ ገብታ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ ያልጨረሰችው የወንበር ልብስ መርፌው ሥር ነበር። ከዚያ ሆና በክፍት በሩ ሁሉንም ታያለች።

ወንድምጋሼ ሞተር ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ታስታውሳለህ?» አለው ብረቱ።

«ምኑን?»

«ጫማህን።»

ወንድምጋሼ ቀና አለ። ወዲያው ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ ታይቷል። ቢሆንም እጁን በጨርቅ ጠራረገና፣ «ስንት ዓመቱ! ጥፋቱ ያንተ ነበር። ባልቀጣህ ሰው አትሆንም ነበር» አለ።

ብረቱ መዶሻውን አነሳ። የመጀመሪያው ምት የወንድምጋሼ ጉልበት ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ ድምፅ ከጋራዡ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ወንድምጋሼ እየወደቀ የጎማ ማውለቂያውን ብረት ጨብጦ የታናሹን ቀኝ ትከሻ መታ፤ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ብረቱ ያመመው አይመስልም። በግራ እጁ ይዞ ቀጠለ። አገጩን መታው። ጥርስ ከደም ጋር ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ሠራተኞቹ ዙሪያውን ይጮኻሉ፣ የሚጠጋ ግን የለም። አንድ ደንበኛ ወደ ክፍሏ ሮጦ መጥቶ፣ «አንቺ ሴትዮ ተነሺ እንጂ! ባልሽ ሰው ሊገድል ነው!» አላት።

ሰፊዋ ፔዳሉን ረገጠች። የጀመረችውን ስፌት እስከ ጫፍ አደረሰችው። በስምንት ዓመት ውስጥ በዚህ ጋራዥ ለሷ የተነሳ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን እግሯ ለማንም ሊነሳ እምቢ አለ። በኋላ ይህን ስታወራ ዓይኗን አትሰብርም፣ ግን አትኮራበትምም።

መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች ብረቱን ከኋላው ያዙት። ወንድምጋሼ እየቃተተ ነበር፤ አልሞተም። ብረቱ ዙሪያውን አየና ዓይኑ በበሩ በኩል እሷ ላይ አረፈ።

«አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ ያን ወረቀት ባታመጪ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!»

ሰዎቹን በደህናው ትከሻው ወርውሮ መዶሻውን ወደ ክፍሏ ለቀቀው። ጭንቅላቷን በስንዝር ስቶ የስፌት መኪናውን መታ። መርፌው ተሰብሮ ስንጣሪው ቅንድቧን ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ብረቱ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ከሕመሙ የተነሳ በጉልበቱ ወደቀ።

ያኔ ነው ሰፊዋ የተነሳችው። እውነቱ ወጥቷል፤ ማን ማንን እንደበደለ ሁሉም ሰምቷል፤ እጁ ግን መጨረሻ ላይ የዞረው ወደሷ ነው። ቅንድቧን በወንበሩ ልብስ ቁራጭ ይዛ በእግሯ እስከ ሆስፒታሉ ሄደች። ሆስፒታሉ ግን አልገባችም፤ መንገዱን ተሻግራ ትይዩ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ወንድምጋሼ አገጩ በሽቦ ታስሮ ሁለት ወር በቀጭን ቱቦ ጠጣ፤ ቀኝ እግሩ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ብረቱ በሱም በሚስቱም ላይ ባደረሰው ጉዳት ሦስት ዓመት ተፈረደበት። የሆርሞን ውጤቱን ሰፊዋ ናት የተቀበለችው። ዶክተሯ አነበበችላት፤ ሆርሞኑ ደህና ነው፣ ዘር እየተመረተ ነው፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። በቀጭን መርፌ ከውስጥ ዘር ቀድቶ፣ ከሷ እንቁላል ወስዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዱን ዘር በአንዱ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ የተፈጠረውን ጽንስ ወደ ማህፀኗ መመለስ ይቻላል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ግን ይቻላል።

ይህን ልትነግረው እስር ቤት ሄደች። የመጨረሻ ሥራዋ አድርጋ ነው የቆጠረችው፤ ማወቅ መብቱ ነው አለች። በመካከላቸው የሽቦ መረብ ነበር። ብረቱ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

«ይቻላል ማለት ነው! ስወጣ እንሞክራለን። አየሽ? አበቃ፣ ከእንግዲህ እጄን...»

«አንተ ትሞክራለህ» አለችው። «ከኔ ጋር ግን አይደለም። ለፍቺ ከስሻለሁ።»

«ልጅ ፈልገሽ አልነበር? ለልጅ ብለሽ አልነበር ያን ሁሉ የቻልሽው?»

«ፈልጌ ነበር፤ አሁንም እፈልጋለሁ። ግን ካንተ ብወልድ በስንት ዓመቱ ነው የምትመታው? በሁለት? በሦስት? እሱስ የማንን ጉልበት ነው የሚሰብረው? እኔ ያን ቁጭ ብዬ አላይም።»

ብረቱ በደህናው እጁ መረቡን መታው። ሽቦው ተወጠረና ወደ ፊቷ መጣ። ሰፊዋ ዘላ ወደ ኋላ ሸሸች። ዘቡ ሮጦ መጣ። ብረቱ እጁን አይቶ፣ ከዚያ እሷን አየ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ግን አልተመለሰችም።

እናትየው ውጭ ጠበቀቻት። ቀሚሷን ያዘቻት። «ልጄ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ዘራችን ይጥፋ? ይቻላል አሉ አይደል?»

«እማማ፣ ያኔ ሐኪም ቤት ይውሰዱት ነበር» አለቻት።

አሮጊቷ በጥፊ ልትመታት እጇን ሰነዘረች። ሰፊዋ እጇን አየር ላይ ያዘችው። አጥንትና ቆዳ ብቻ ነበር። ትንሽ ይዛው ቆየችና ቀስ አድርጋ ወደ አሮጊቷ ጎን መለሰችላት፤ መንገዷንም ቀጠለች።

አሁን የምትሠራው በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ወርክሾፕ ነው። የአውቶቡስ ወንበር ትሰፋለች፤ በዘጠኝ ጣት መሥራት ለምዳለች። ግራ ጆሮዋ በከፊል ተመልሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሾፌር፣ ሚስቱ የሞተችበት ወሬኛ ሰው፣ ወንበሩን ደጋግሞ እየቀደደ ማምጣት ጀመረ። «በቢላዋ ነው የምትቀድደው እንዴ?» ብላ ስትይዘው ሁሉንም አመነ። ከመጋባታቸው በፊት አስቀምጣ ነገረችው፤ መጀመሪያ አብረን እንመረመራለን፤ አንድ ቀን እጅህ ከተነሳብኝ ደግሞ ያችኑ ቀን አታገኘኝም። ሾፌሩ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ አቆመ። በሳምንቱ ሄዶ ተመርምሮ ወረቀቱን አመጣላት። ደህና ነው።

እሷ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሠላሳ አምስት በኋላ ዓመት አይጠበቅም፤ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ኑ ተብላለች። ስድስቱ ወር ስላለፈ ሐሙስ ዕለት ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ ነበር። ዶክተሯ ቀደም ብላ የእንቁላሏን ቁጥር አይታ፣ አሁንም ተስፋ አለ፣ ጊዜ ግን አታባክኑ ብላ መድኃኒት ልትጀምርላት ነው። ይወለድ አይወለድ ገና አልታወቀም።

ኮሪደሩ ሞቆ ስለነበር ሾፌሩ ከሰፊዋ ራስ በላይ ያለውን መስኮት ሊከፍት ፈለገ። ካገቡ ወዲህ ክንዱን በድንገት ባነሳ ቁጥር እሷ አንገቷን ስትቀብር፣ ግድግዳ ጋ ስትለጠፍ ያያል። ምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ፣ «እጄን ላነሳ ነው» አላት።

ተራ የሚጠብቁት ጥንዶች ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። ሰፊዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችለት። መስኮቱን ከፈተው።